የጓዳ ሙሉ ሰልፍ

ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ ያልለቀቀው ቅዳሜ ረፋድ፤ ከ“ጓዳ ሙሉ ቅናሽ መደብር” ማዶ ባለችው የእትዬ ይርገዱ የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ አክስትና ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ሐመልማል ክርክር ከያዙ ቆይተዋል።

ሐመልማል፦ እኔ ልንገርሽ እትዬ፣ በዚህ ከተማ አንድን ድርጅት በሩ ላይ ቆማ አይታ “ይሄ ያድጋል፣ ይሄ ይከስራል” የምትል ሴት ካለች እኔ ነኝ! ባንክ ቤት ያሉት ክራባታሞች መጥተው ቢጠይቁኝ አያፍሩም።

ይርገዱ፦ ትናንት ለመምህሩ ሚስት መልስ አብዝተሽ ሰጥተሽ እስከ ወፍጮ ቤት ሮጠሽ የመለስሽው አንቺ አይደለሽም?

ሐመልማል፦ እሱ ዝርዝር ነው። እኔ የማወራው ስለ ሀብት ነው። ዝርዝርና ሀብት ለየቅል ነው።

ይርገዱ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ዝርዝሩ የኔ፣ ሀብቱ የሰው።

ሐመልማል፦ አታስቂኝ፣ ቁም ነገር ላይ ነን። የአክሲዮኑ ሽያጭ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጋሽ አጥናፉ ይቺን ሱቅ ፀጉር ቤት ሊያደርጋት ቋምጦ መስታወቱን ሳይቀር ገዝቶ ተቀምጧል። እሺ በይውና ሱቋን ይረከብ። ብሩን እንያዝ፣ አስፋልቱን እንሻገር፣ የጓዳ ሙሉን አክሲዮን እንግዛ። አለቀ!

ይርገዱ፦ አጥናፉ ፀጉር ይቁረጥ እንጂ የኔን እንጀራ ምን አስቆረጠው?

ሐመልማል፦ እንጀራውማ ራሱ ተነሥቶ ማዶ ተሻገረ። አይታይሽም? እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ዝንብ እሽ ማለት ነው የቀረን። እሱም በዚህ ብርድ ዝንብ ከየት ይመጣል!

ይርገዱ፦ ዝንብ የሌለበት ሱቅ ንጹሕ ሱቅ ነው።

ሐመልማል፦ ሰው የሌለበትስ?

ይርገዱ፦ ጸጥ ያለ ሱቅ።

ሐመልማል፦ እትዬ በናትሽ አንዴ አድምጪኝ። የጓዳ ሙሉ ሥራ ምን መሰለሽ? መደርደሪያ የለ፣ ከካርቶኑ ላይ ነው የሚሸጡት። መብራቱ እንደ ሰርግ ቤት አይንቦገቦግ። የጌጥ ወረቀት የለ፣ ፌስታል እንኳ በነጻ አይሰጡም። ለምን? ወጪ እንዲቀንስ! ከአንድ ሳሙና አንድ ብር ነው የሚያተርፉት፤ ግን ሺህ ሳሙና ይሸጣሉ። አንቺ ከአንዱ ሳሙና አምስት ብር ታተርፊያለሽ፤ ግን እስኪሸጥ ሳሙናው ይደርቃል።

ይርገዱ፦ የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅም። ለገዢው አስቤ ነው።

ሐመልማል፦ ገዢው የታለ? እሺ ተይው። በራቸው ላይ የሰቀሉትን ጨርቅ አንብበሻል? “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላል።

ይርገዱ፦ ሲያምር! ጌጡን ነው የነገሩሽ፤ ሎሚውን ማን እንደሚጨምቀው አልጻፉም።

ሐመልማል፦ አይ አንቺ! አክሲዮን እኮ እንደ ድንች ዛሬ ገዝተሽ ነገ የምትሸጪው ነገር አይደለም። ለረጅም ጊዜ ነው። ትገዢዋለሽ፣ ትረሺዋለሽ። አሥር ዓመት አትነኪውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይርገዱ፦ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ እንቁላሉን ሳይበላ የሚጠብቅ ሆድ ከየት ይመጣል? ደግሞስ በአሥር ዓመት እኔ የት እገኛለሁ?

ሐመልማል፦ እዚሁ ነሻ! የደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅ ነው፤ አንቺን መቶ ዓመት ሳትበላሺ ያቆይሻል።

ይርገዱ፦ አፍሽ አይሙቅ፣ አንቺ ልጅ! እና በየዓመቱ ምን እበላለሁ?

ሐመልማል፦ የትርፍ ድርሻ ይከፈልሻል። በዓመት አንዴ ደግሞ ለጠቅላላ ጉባኤ ትጠሪያለሽ። አዳራሽ ትገቢያለሽ፣ የታሸገ ውኃ ይሰጥሻል፣ እጅሽን አውጥተሽ ድምፅ ትሰጫለሽ። አስቢው እስቲ፣ ወይዘሮ ይርገዱ ተነሥታ “የዘይቱ ነገር አልተዋጠልኝም” ስትል!

ይርገዱ፦ ዘይት ሳይዋጥልኝ ቀርቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ነው ይሄ የምትዪው። ይልቅ ዓምና ስንት አተረፉ?

ሐመልማል፦ አንቺ ደግሞ ወሬ ታበዢያለሽ። የምን ዓምና? ገና ሦስት ወራቸው ነው። ሥራ አስኪያጁን አቶ ውብሸትን ብታዪው እንዲህ አትጠይቂም ነበር። ሸጋ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ጫማው የሚያበራ። ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ሰልፉን አይተሽ ፍረጂ! ሰልፍ አይዋሽም።

ይርገዱ፦ የቱን ሰልፍ?

ሐመልማል፦ የጠዋቱን ነዋ! ገና ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ አጥሩን ዞሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። በዚያ ብርድ! አመዳዩ ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ፣ ሰዉ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። ሰው በማያምነው ነገር እንዲህ ይንቀጠቀጣል?

ይርገዱ፦ ማን ማን ነበር ከሰፈሩ ሰው?

ሐመልማል፦ በዚያ ሰዓት ማን ሰው ይለያል? ሁሉም እስከ ዓይኑ ተሸፋፍኗል። የሚታየው ጋቢና ዓይን ብቻ ነው። ግን አገዛዛቸው፣ እትዬ! እንዳንቺ ደንበኞች “ሳሙናዋን ለሁለት ቁረጪልኝ” የለ፣ “ሁለት ቅንጣት ሻማ” የለ። በካርቶን ነው! ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ስድስት ጄሪካን ገዝታ ጋሪ ጠርታ አስጫነች። ስድስት! “ይቺ ናት ገበያ የገባት!” አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለች ሴት ያመነችውን ድርጅት እኔ ማን ነኝና እጠረጥራለሁ?

ይርገዱ፦ እንዴት ያለች ሴት ናት?

ሐመልማል፦ ፊቷ መች ታየና! አጠር ያለች፣ ወፈር ያለች፣ ግራጫ ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ የተጠቀለለች። ትንሽ ጎበጥ ትላለች።

ይርገዱ፦ ጎበጥ?

ሐመልማል፦ ጎበጥ። ደግሞ ጉልበቷ! ወረፋ እንዳልቀማት በክርኗ ስትጎሽመኝ ጎኔ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ይርገዱ፦ አልጎሸምኩሽም። አንቺ ነሽ ከኋላ ተጭነሽ መፈናፈኛ ያሳጣሽኝ።

ሐመልማል፦ ምን?

ይርገዱ፦ ሻርፑም ግራጫ አይደለም። አረንጓዴ ነው፤ እጥበት ነው እንዲያ ያደረገው።

ሐመልማል፦ እትዬ! አንቺ? ከነሱ ቤት? ከጠላት?

ይርገዱ፦ ጠላት ብዬ አውቃለሁ እንዴ? ነጋዴ ዋጋ ነው ያለው፣ ጠላት የለውም።

ሐመልማል፦ ቆይ ቆይ። እና እኔ ሳምንቱን ሙሉ “የኛ ዘይት ከማዶው ይለያል፣ ጥራቱ ሌላ ነው፣ ወጥ ላይ ሲያርፍ ታውቁታላችሁ” እያልኩ የሸጥኩት ዘይትስ?

ይርገዱ፦ ጎበዝ ነሽ። ብዙ ሰው አሳምነሻል።

ሐመልማል፦ ያው የነሱ ዘይት ነው?

ይርገዱ፦ ያው ነው። የዋጋውን ወረቀት በሙቅ ውኃ ላጥኩት። የመምህሩ ሚስትማ “እውነትም ይለያል” ብላ ሁለተኛ ወሰደች።

ሐመልማል፦ ወይኔ ጉዴ! በአንደበቴ ስንቱን አሳሳትኩ!

ይርገዱ፦ ምን ታደርጊ፣ ወይኔ አትበዪ። ከአከፋፋይ ከምገዛው ይረክሳል። እነሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዘይት አለቀ ብለው ይዘጋሉ። ድስቷን ጥዳ ዘይት ያጣች ሴት ወዴት ትሄዳለች? ወደኔ። ታዲያ ብሰለፍ ምን አለበት?

ሐመልማል፦ ሰው ቢያይሽስ? ባለሱቅ ሱቅ ውስጥ ተሰልፋ!

ይርገዱ፦ ማን ያየኛል? ከፊቴ የነበሩት እኮ ሐጂ ሙሔ ናቸው፣ በፎጣ ተጠምጥመው። የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ እዚያ ነው። እርስ በርሳችን እናውቃለን፤ ግን “እንደምን አደርክ” አንባባልም። ብርዱ ይባረክና ገመናችንን ሸፈነልን። ሙቀት ቢሆን ኖሮ በኀፍረት እናልቅ ነበር።

ሐመልማል፦ እሺ፣ ይሁን። ግን እኮ ገዢ ገዢ ነው! ባለሱቅ ገዛው፣ ጳጳስ ገዛው፣ ለአክሲዮኑ ምን ለውጥ አለው? ብር ገባ አይደል?

ይርገዱ፦ አከፋፋዩ ከሚሸጥበት ዋጋ በታች የሚሸጥ ሰው፣ ዘይቱን ከየት አምጥቶ ነው?

ሐመልማል፦ ከፋብሪካ በቀጥታ!

ይርገዱ፦ አከፋፋዩስ ከበሬሳ ወንዝ ነው የሚቀዳው?

ሐመልማል፦ በብዛት ስለሚገዙ ይቀነስላቸዋል።

ይርገዱ፦ ይቀነስላቸዋል፣ አልክድም። አንድ ጣት ያህል። እነሱ ግን ክንድ ሙሉ ቀንሰው ነው የሚሸጡት። የቀረውን ማን ይሞላል?

ሐመልማል፦ ለማስተዋወቅ ነዋ! መጀመሪያ ሰው ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ መክሰር ነው፣ ኋላ ማትረፍ።

ይርገዱ፦ ሲጨምሩ እኔ የምሰለፍ ይመስልሻል?

ሐመልማል፦ አንቺማ አትሰለፊም። አውቅሻለሁ።

ይርገዱ፦ ሐጂ ሙሔስ?

ሐመልማል፦ እሳቸውማ አንድ ብር ከጨመረ ፎጣቸውን ፈተው ነው የሚሄዱት።

ይርገዱ፦ እና ካልጨመሩ በኪሳራ ይዘጋሉ፣ ከጨመሩ ሰልፉ ይበተናል። ዘንድሮ እኔ በርካሽ የምገዛው ዘይት የአክሲዮን ገዢው ብር ነው። ታዲያ ዘይቱን ብገዛ ይሻለኛል ወይስ አክሲዮኑን?

ሐመልማል፦ ሰልፉ ውስጥ እኮ እናንተ ብቻ አይደላችሁም! ሌላ ሰው የለም? ይኸው እኔ ራሴ አለሁ!

ይርገዱ፦ አንቺ ምን ገዛሽ?

ሐመልማል፦ እኔ? እኔ እንኳ… አጥንቼ ነው። ገበያ ጥናት።

ይርገዱ፦ ገበያ ጥናት። እና አልጋሽ ሥር የተቆለለው ሳሙና የጥናቱ ወረቀት ነው?

ሐመልማል፦ አልጋዬ ሥር ምን ትፈልጊያለሽ?

ይርገዱ፦ ስጠርግ ነዋ። አንቺ መቼም ከአልጋ በታች ዓለም ያለ አይመስልሽም።

ሐመልማል፦ እሺ፣ እነግርሻለሁ፤ ግን እንዳትቆጪ። አቶ ውብሸት ጠርቶኝ “እህቴ፣ በጠዋት መጥተሽ ከሰልፉ ብትቆሚልን፣ አላፊ አግዳሚው ሲያይ ደስ ይለዋል” አለኝ። በቀን አንድ ሳሙና። ምን አለበት? መቆም ነው። እዚህም ስቆም ነው የምውለው።

ይርገዱ፦ አንቺን ብቻ ነው የጠራው?

ሐመልማል፦ እኔን ብቻ! “ፊትሽ ደንበኛ ይመስላል” ብሎ መርጦኝ ነው።

ይርገዱ፦ እስከ ዓይንሽ ተሸፋፍነሽ የምን ፊት?

ሐመልማል፦ ዓይኔን ማለቱ ይሆናል።

ይርገዱ፦ ከኋላሽ የነበረችው ማን ናት?

ሐመልማል፦ ትርንጎ ናት። የወፍጮ ቤቱ ልጅ። “ለእናቴ ዕቃ ልገዛ ነው” ብላኛለች።

ይርገዱ፦ ምን ይዛ ወጣች?

ሐመልማል፦ ሳሙና።

ይርገዱ፦ ስንት?

ሐመልማል፦ አንድ። ዋይ! ያቺ ውሸታም! እኔ ለሷ “መጋረጃ ልገዛ ነው” ብያት ከልቧ አምናኝ ነበር እኮ!

ይርገዱ፦ መቼም ንጹሕ ሰፈር ሆነናል፣ ተመስገን። በይ እንግዲህ ባለሙያዋ፣ ፍረጂ። ከፊት ባለሱቅ መልሶ ሊሸጥ ይገዛል። ከኋላ ኮረዳ በሳሙና ተቀጥራ ትቆማለች። ደንበኛው የት ጋ ነው የቆመው?

ሐመልማል፦ መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከዘራ የያዙ። እሳቸው እንኳ እውነተኛ ናቸው።

ይርገዱ፦ እሳቸው የቀበሌ ስኳር መስሏቸው ነው። ኩፖናቸውን አውጥተው እኔን ሲጠይቁኝ ነበር።

ሐመልማል፦ ተዪኝ በቃ! ቢሆንም እንግዛ። ድርጅት ሲጀምር እንዲህ ነው። ኢንቨስትመንት ድፍረት ይጠይቃል። የሚፈራ ሰው ሁልጊዜ ግማሽ ሳሙና ሲቆርጥ ይኖራል።

ይርገዱ፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ነገርሽ ሁሉ ፈርሶ እንኳ እግርሽን ተክለሻል። ይሄ የአክሲዮን ፍቅር ብቻ አይመስለኝም። ለመሆኑ ቀዩ ካፖርት ልክሽ ነው?

ሐመልማል፦ የምን ካፖርት?

ይርገዱ፦ ካሸሮቹ የሚለብሱት። “አክሲዮን የገዛ ቤተሰብ ልጁ ቅድሚያ ይቀጠርለታል” ብለው በማይክራፎን ሲለፍፉ ጆሮ አለኝ እኮ።

ሐመልማል፦ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል።

ይርገዱ፦ ለክተሽዋል ማለት ነው።

ሐመልማል፦ አንዴ ብቻ። ደግሞ እጅጌ ይታጠፋል።

ይርገዱ፦ አዎ፣ ይታጠፋል።

ሐመልማል፦ እትዬ፣ እንዲህ ቀዝቀዝ አትበዪብኝ። ስድቡ ይሻለኛል። እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ዓለምን ያየሁት በዚህች መስኮት ነው። ሰው ሁሉ ለኔ ከደረት በላይ ነው። አዲስ ጫማ የገዛች ጓደኛዬ እንኳ እግሯን በመስኮት አንሥታ ነው ያሳየችኝ። እነሱ ጋ ወንበር አለ። በር አለ፣ ሰው ከነሙሉ ቁመቱ ይገባል። ማሽኑ ጢው ይላል።

ይርገዱ፦ ከትምህርት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ በይኛ።

ሐመልማል፦ አላልኩም።

ይርገዱ፦ በመስኮት አልሽ እኮ።

ሐመልማል፦ መስኮት ነው ያልኩት። አንቺን አላልኩም።

ይርገዱ፦ እንግዲያው ስሚኝ። መንገር የነበረብኝ ትዳር ስትይዢ ነበር፤ ግን አንቺ ጋ ነገር ሁሉ ቀድሞ ነው የሚፈላው። ይቺ ሱቅ የኔ ብቻ አይደለችም። እኔ ብርድ ልብስ ፋብሪካ እሠራ ነበር፣ እናትሽ ጠላ ትሸጥ ነበር። እኩል አዋጥተን ነው የከፈትናት። እሷ ስትሞት ድርሻዋን ይዛው አልሄደችም። ግማሹ ያንቺ ነው።

ሐመልማል፦ የኔ? የዚች ሱቅ ግማሽ? እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ?

ይርገዱ፦ ባዶ እጅሽን ሆነሽ እንኳ ባንክ ቤት ያሉትን ታስተምሪያለሽ። ባለሀብት መሆንሽን ብታውቂ ማን ይችልሽ ነበር?

ሐመልማል፦ እትዬ ሙች በይ!

ይርገዱ፦ ከዋሸሁ የእህቴ አጥንት ይውጋኝ። አሁን ነገሩ ቀላል ነው። አጥናፉ ያለው አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ነው፤ ግማሽ ሱቅ ይበቃዋል። መሀሉን በኮምፖርሳቶ እንከፍለዋለን። ያንቺን ግማሽ ይረከብ፣ አንቺ ብሩን ይዘሽ ተሻገሪ። አልከለክልሽም። ወደሽ ሂጂ፣ ቀይሽን ልበሺ። እኔ በቀረችው ግማሽ እኖራለሁ። ይኸው እዚያ ቤቱ ደጅ ላይ ፀጉር እየቆረጠ ነው፤ ልጥራው? አጥና…

ሐመልማል፦ ቆይ!

ይርገዱ፦ ምነው? ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው።

ሐመልማል፦ አንዴ ቆይ እስቲ። መጋዘናቸው የራሳቸው ነው ወይስ ኪራይ ነው?

ይርገዱ፦ እኔ ምኑን አውቄ? ባለሙያዋ አንቺ።

ሐመልማል፦ ዕቃ የሚያመጡላቸው መኪኖችስ? ቀይ መሆናቸውን እንጂ የማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። አክሲዮኑን ገዝቼ ልሽጠው ብልስ ማን ይገዛኛል?

ይርገዱ፦ እንደኔ ያለች ሞኝ አክስት ያላት ልጅ ትፈልጊያለሻ።

ሐመልማል፦ የትርፍ ድርሻውስ መቼ ነው የሚከፈለው? ሥራ አስኪያጁ “ሲተርፍ” ነው ያለኝ። ባይተርፍስ?

ይርገዱ፦ የታሸገ ውኃ ይሰጡሻል። አዳራሽ ውስጥ።

ሐመልማል፦ እትዬ አትቀልጂ! አቶ ውብሸት ብሩን ይዞ ቢጠፋስ?

ይርገዱ፦ ሸጋ ሰው ነው አላልሽም?

ሐመልማል፦ ሸጋ ነዋ የሚጠፋው! መልከ ጥፉ የት ይሄዳል? ማን ያስጠጋዋል? ደግሞ ያ ጫማ፣ በዚህ ጭቃ እንደዚያ የሚያበራው በምኑ ነው? በእግሩ ቆሞ ሥራ ላይ ያልዋለ ሰው ነው።

ይርገዱ፦ ምነው የኔ ልጅ፣ አሁን ከአፍታ በፊት “ኢንቨስትመንት ድፍረት ይጠይቃል” ስትዪ አልነበር?

ሐመልማል፦ ያኔ እኮ ያንቺ ብር ነበር!

ይርገዱ፦ ተባረኪ! እውነት ከአፍሽ ስትወጣ እንዴት ታምራለች።

ሐመልማል፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ለመሆኑ የኔ ግማሽ የትኛው ነው?

ይርገዱ፦ የመስኮቱ ወገን።

ሐመልማል፦ የመስኮቱ ወገን? ለጋሽ አጥናፉ? አብደሻል እንዴ? መስኮቱ ከሄደ ደንበኛ በየት ይመጣል፣ በጣሪያ? ደግሞ እሱ ሲቆርጥ ፀጉሩ እየበነነ ስኳሩ ውስጥ ሊገባ ነው! ጢም ያለበት ስኳር ማን ይገዛል?

ይርገዱ፦ በኮምፖርሳቶ እንከፍለዋለን ብዬሻለሁ።

ሐመልማል፦ ኮምፖርሳቶ ፀጉር አያቆምም! እዚህ ጋ ማዕዘኑ ላይ ሩዝ አለ፣ እዚህ ሻማ አለ፣ ዘይቱ ደግሞ በጓሮው በር ሥር ነው። ሱቅ እንደ ሳሙና ለሁለት ይቆረጣል? ግማሽ ሱቅ ምንም ማለት አይደለም። ሙሉ ሱቅ ነው ሱቅ።

ይርገዱ፦ እና ምን ይሁን?

ሐመልማል፦ አልሸጥም! የኔን ድርሻ አልሸጥም። ንገሪው። አይ፣ እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው፣ ባለቤት ነኝ አይደል? ጋሽ አጥናፉ! ጋሽ አጥናፉ፣ ለመስታወትዎ ሌላ ቦታ ያስቡበት! ባለድርሻዋ አልፈቀደችም!

ይርገዱ፦ ቀስ በዪ፣ ሰውዬው ጆሮ ሊቆርጥ ነው።

ሐመልማል፦ አሁን እንግዲህ በሥርዓት እንነጋገር። እስከ ዛሬ ባለማወቅ ዝም ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ሱቅ ሁለት ባለድርሻ አላት፣ ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል። ተቀመጪ።

ይርገዱ፦ ተቀምጫለሁ። ተቀምጬ ነው የከረምኩት።

ሐመልማል፦ አንደኛ፣ ይሄ መስኮት ይፍረስና በር ይሁን። ሰው ከነእግሩ ይግባ።

ይርገዱ፦ አናጢ ሰኞ እጠራለሁ።

ሐመልማል፦ እንዴ፣ እሺ አልሽ? እንግዲያው ሁለተኛ፣ ደገፍ የሚባልበት ወንበር ይገዛልኝ። ዱካ አልቀመጥም።

ይርገዱ፦ እሱም ይሁን። ወገብሽ ገና ያገለግለኛል።

ሐመልማል፦ አየሽ? ባለድርሻ ሲናገር እንዲህ ይደመጣል! ሦስተኛ፣ በየወሩ የምትሰጪኝ ደሞዝ በእጥፍ ይደግ። ለአንድ ባለቤት ያ ብር ያሳፍራል።

ይርገዱ፦ የምን ደሞዝ? ደሞዝ የተቀጣሪ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ባለቤት ትርፍ ነው የሚካፈለው፤ ትርፍ ደግሞ የለም። ተነሺ፣ ሰው ቆሟል።